ነጩ ጄል ለምን ይጨማደድብኛል? ፍሬንች የምትሠሩ እህቶች እርዱኝ

የማራኪዋ ጥፍር ሠሪ

ሰላም እህቶቼ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ማራኪ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ጥፍር እሠራለሁ። ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ቀይ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ጄል (በላምፕ የሚደርቀውን የጥፍር ቀለም) ያለ ችግር እቀባለሁ። ደንበኞቼ ሦስት ሳምንት አቆይተውት ነው የሚመለሱት። ፍሬንች፣ ማለትም ሮዝ ጥፍር ላይ ጫፉን በነጭ ቅስት መሥራት፣ ሲሆን ግን እጄ ይከዳኛል። የሚያስቸግረኝ ደግሞ ነጩ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእህቷ ልጅ ክርስትና ነው ብላ መጣች። ቤዝ (የመጀመሪያውን ሽፋን) ቀባሁ፣ አደረቅሁ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀባሁ፣ አደረቅሁ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ነጩን ጫፉ ላይ ሳብኩት። ከሥሩ ሮዙ ስለታየኝ ሳላደርቅ ከላዩ ወፈር አድርጌ ደገምኩበት። አምስቱንም ጣት በአንዴ ላምፕ ውስጥ አስገብቼ 60 ሰከንድ ያዝኩ። ስታወጣው የሦስቱ ጣቶች ነጭ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። አውራ ጣቷን ነካ ሳደርገው ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ገና ፈሳሽ ነው።

ቅስቱም አልወጣልኝም። መሀሉ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ግራና ቀኙ ግን ወደ ቆዳዋ ይፈስሳል። የፈሰሰውን በጣቴ እየጠረግሁ ጨረስኩ። በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ነጩ ብቻውን እንደ ቅርፊት ተላጦ በሶፍት ጠቅልላ ይዛዋለች። ገንዘቧን መለስኩላት። አልተቆጣችም። እሱ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ።

ስለ ዕቃዬ ልናገር፣ ምናልባት ይረዳችኋል። ላምፔ ላይ 48 ዋት ይላል። የዚያን ቀን ግን መብራት ጠፍቶ ስለነበር በባትሪ በሚሠራው ትንሽ ላምፕ ነው ያደረቅሁት። ነጩ ተራ የጠርሙስ ጄል ነው። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው ያለው።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከጥምቀት በኋላ በሚመጣው እሑድ ታገባለች። እሷም ስድስቱ ሚዜዎቿም ፍሬንች ካልሆነ ብለዋል። ሰባ ጥፍር ነው። አክስቴ ደግሞ "ልጄ እንሶስላ ሳትሞቅ ከቤት አትወጣም" ብላለች። እንሶስላው ከነጩ ጋር እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የጣና ዳር

እህቴ አይዞሽ። ባሕር ዳር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ነጭ ያላስለቀሰው ጥፍር ሠሪ አላውቅም።

መጀመሪያ ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ካወቅሽው መፍትሔው ራሱ ይመጣልሻል። ጄል የሚደርቀው በሙቀት ወይም በአየር አይደለም፣ በብርሃን ነው። ከላምፑ የሚወጣው ብርሃን ጄሉን አልፎ እስከ ሥሩ መድረስ አለበት። ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። ከፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ የሚገባው ያው ነው። እዚያ ቆዳን ከፀሐይ የሚጋርደው ነገር እዚህ ደግሞ የላምፑን ብርሃን ይጋርድብሻል። ስለዚህ ወፍራም ነጭ ላዩ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሲጠነክርም ይኮማተራል። ሥሩ ፈሳሽ ስለሆነ የሚይዘው የለም። ያ ነው ስልባቦት ያልሽው። ሥሩ ስላልደረቀም ከሮዙ ጋር አልተያያዘም፣ በአራተኛው ቀን በቁሙ ተላጠ።

ሁለት ስስ ንብርብር ቀቢ። የመጀመሪያው ሥሩን ቢያሳይ አትደንግጪ፣ ማሳየትም አለበት። አድርቂው። ከዚያ ሁለተኛውን ቀቢ፣ እንደገና አድርቂ። ወፈር አድርጎ መድገም ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ነው ትዝ ያለኝ።

አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር አታስገቢ። አራቱ ጣቶች ጠፍጣፋ ሲሆኑ አውራ ጣት በጎኑ ይተኛል፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት አያገኘውም። አራቱን አንድ ላይ፣ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ለብቻ።

የባትሪውን ላምፕ ለነጭ አትመኚው። ባትሪው ሲደክም ብርሃኑም ይደክማል፣ ዓይን ግን ልዩነቱን አያይም። ቀይ ላይ ያለፈልሽ ነጭ ላይ አያልፍልሽም። መብራት ከጠፋ ደንበኛዋን ቀጠሮ ለውጪላት። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ገንዘብ ከመመለስ ግን ይቀላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ነጩ ከጠርሙሱ ሲወጣ ይወፍራል ወይስ ይፈስሳል? ማለዳ ላይስ እንዴት ነው?

የማራኪዋ ጥፍር ሠሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም። ሥልጠና ስወስድ "60 ሰከንድ" ብቻ ነበር የተባልነው።

ማለዳ ላይ እንደ ማር ይወፍራል። ብሩሹ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ደህና ነው። ብሩሼ ግን ቶሎ ቶሎ ጫፉ እየደረቀ ያስቸግረኛል፤ ሦስተኛ ብሩሽ ነው የገዛሁት።

የአዘዞዋ

አንች ጎረቤቴ ነሽ! እኔ አዘዞ ነኝ። የብሩሽሽን ነገር ልመልስልሽ፣ መስኮቱ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ጄል ያደርቃል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐያችን ቀላል አይደለችም። ክፍት ጠርሙስና ጄል የነካው ብሩሽ መስኮት ሥር ከዋሉ ይደርቃሉ። ጠረጴዛሽን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሪው፣ ብሩሹን ተጠቅመሽ ስታበቂ ጨለማ ውስጥ ክደኚው። ብርዱን በተመለከተ ደግሞ በጥር ማለዳ ማንኛውም ጄል ይወፍራል። እኔ ነጩን ከቤት ስወጣ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ። ሥራ ቦታ ስደርስ ለስልሶ ይጠብቀኛል። ከረሳሁ ክዳኑን አጥብቄ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆመዋለሁ።

አሁን ወደ ቅስቱ። እኔን ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ነበር።

ሮዙ ከላምፕ ሲወጣ ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለ አይደል? እዚያ ላይ ነጩን ከሳብሽው መስመሩ ይሰፋል። ነጩ ባለበት አይቆምም። ስለዚህ በአልኮል ጥረጊው። ጥጥ አትጠቀሚ፣ ክሩ ይቀራል። ክር የማይተው ጨርቅ ይሁን። ከዚያ በደቃቅ ባፈር (የጥፍር ማለስለሻ) አንድ ሁለቴ ብቻ ዳሰስ አድርጊው፣ ነጩ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ብናኙን ጥረጊ። ከዚህ በኋላ የምትስቢው መስመር በሳብሽው ቦታ ይቆያል።

አሳሳሉን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሁለቱን ጥግ በነጥብ ምልክት አደርጋለሁ፣ ግራና ቀኙ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን። ጣቷን ቀና አድርጌ ከፊት ለፊት አያለሁ፣ ከላይ ሲታይ የሚያታልል ጥፍር አለ። ከዚያ ከግራው ጥግ ወደ መሀል፣ ከቀኙ ጥግ ወደ መሀል። በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር የሚስቡ አሉ፣ እኔ አልችልም፣ መቻልም አያስፈልግም። እጄን አላዞርም፣ የእሷን ጣት ነው የማዞረው። የእኔ ትንሿ ጣት ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ትቆያለች። ቅስቱ ካማረ በኋላ ነው ውስጡን የምሞላው።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። ሌላ ንጹሕ ጠፍጣፋ ብሩሽ ያዥ። አልኮል ንከሪው፣ ሶፍት ላይ ምጠጪው፣ እርጥበት ብቻ ይቅርበት። በእሱ የቅስቱን ሥር ጠርገሽ ታስተካክያለሽ። ጄሉ ላምፕ እስኪገባ ድረስ አሥር ጊዜም ብትጠርጊው ይሰማሻል። እኔ ሰው የሚያደንቀው ቅስት የሚወጣልኝ በመሳያው ብሩሽ አይደለም፣ በመጥረጊያው ነው። ሁለት ጥፍር እንደጨረስሽ 10 ሰከንድ ላምፕ ውስጥ አስገቢና እንዳይፈስ አስይዢው። ሙሉውን ማድረቅ በኋላ ነው።

ከተቻለሽ ደግሞ ለመሳያ የሚሆነውን ወፈር ያለውን ነጭ ፈልጊ። በጠርሙስ ሳይሆን በትንሽ ክብ ዕቃ የሚሸጠው ነው። አይፈስስም፣ በስሱም ይሸፍናል። ሰባ ጥፍር ከሆነ የሲሊኮን ማኅተሙም ያግዝሻል። ነጩን ሲሊኮኑ ላይ በስሱ ትቀቢና የጥፍሩን ጫፍ ጎንበስ አድርገሽ ትጫኚዋለሽ፣ ቅስቱ ራሱ ይወጣል። ለሚዜዎቹ እሱን ተጠቀሚ። የሙሽራዋን ግን በእጅሽ ሥሪው።

ጓንት አድርጊ

ሁሉም ስለ መስመሩ ሲያወሩ እኔን ያስደነገጠኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "የፈሰሰውን በጣቴ እየጠረግሁ" ብለሻል። እህቴ፣ ዛሬውኑ አቁሚ። እለምንሻለሁ።

እኔ አዲስ አበባ አራት ዓመት ጥፍር ሠርቼ ተውኩት። የተውኩት ወድጄ አይደለም። ልክ እንዳንች በጣቴ እጠርግ ነበር። ሦስት ዓመት ምንም አልሆንኩም። ከዚያ የጣቶቼ ጫፍ ማሳከክ ጀመረ። ቆዳዬ ተሰነጣጠቀ፣ ውኃ ቋጠረ። ሳሙና ነው ብዬ ሳሙና ቀየርኩ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ያልደረቀ ጄል ውስጥ ያለው ኬሚካል አለርጂ እንደሆነብኝ ተነገረኝ። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የዚሁ ኬሚካል ዘመዶች ጥርስ ሲሞላም ስለሚገቡ አሁን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስሄድ አስቀድሜ እናገራለሁ።

የደረቀ ጄል ችግር የለውም። ችግሩ ያልደረቀው ነው። ስለዚህ የናይትራይል ጓንት አድርጊ። ጄል ከነካው ወዲያው ቀይሪው፣ ቀጭን ጓንትን አልፎ ይገባል። በደንበኛሽ ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ደግሞ ላምፕ ከመግባቱ በፊት በእንጨት ጥረጊ። ቆዳ ላይ እንዳለ የደረቀ ጄል ከዚያ ነው መነሣት የሚጀምረው፣ ውኃም በዚያ ይገባል። ያቺ ተማሪም ከሥሩ ፈሳሽ የሆነ ነጭ አራት ቀን ተሸክማ ነበር። አሳከከሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት።

የማራኪዋ ጥፍር ሠሪ

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብሽ ለእኔ መንገርሽ ከልቤ ነካኝ። ማንበብ እንደጨረስኩ ተነሥቼ ጓንት ገዛሁ። ተማሪዋንም ደወልኩላት። ደህና ናት፣ አላሳከካትም። ተመስገን።

የአዘዞዋ እህቴ፣ ጠረጴዛውን አዙሬዋለሁ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አሁን በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ግድ የለም።

እንሶስላውን የሚያውቅልኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

የሦስት ሙሽሮች እናት

ልጄ፣ እኔ ጥፍር ሠሪ አይደለሁም። ሦስት ሴት ልጆች ድሬያለሁ፣ ሦስቱም እንሶስላ ሞቀዋል። ሁለተኛዋ ያንችን ፍሬንች አድርጋ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

እንሶስላ ሥሩ ነው የሚወቀጠው። እጅ ላይ ተደርጎ፣ ታስሮ፣ ያድራል። መዳፍንም ጥፍርንም ያቀላል። ከመዳፍ በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ከጥፍር ግን አይታጠብም፣ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ይኖራል። ልጄ ፍሬንቹን ስታሠራ ሮዙ ስስ ስለነበር ከሥሩ የእንሶስላው ቅላት ወጣ። ነጩም ጽድት አላለም፣ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ መሰለ። ያን ቀን አለቀሰች። እኔም አብሬ።

ለሦስተኛዋ በተራ የጥፍር ቀለም፣ ቀለም በሌለው፣ አሥሩንም ጥፍር ሁለት ጊዜ ቀብተን ነው እንሶስላውን ያሞቅናት። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባን። ሲነጋ እጇ ታጠበ፣ ቀለሙ በአሴቶን ለቀቀ፣ ጥፍሩ እንደነበረ ወጣ። መዳፏና የእግሯ ሥር ግን ደም መስሏል። አክስትሽን እንዲህ አድርገሽ አስረጃት። እናት የምትፈልገው መዳፉን ነው፣ ለጥፍሩ አትጣላሽም።

እንሶስላው ሐሙስ ማታ ይሁን። አንች ቅዳሜ ሥሪ። በአንድ ቀን አታድርጉት።

የጣና ዳር

እትዬ፣ ይህን እኔም አላውቀውም ነበር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ምናልባት ጥፍሯ አስቀድሞ ቀልቶ ከመጣብሽ፣ ስስ ሮዝ አትጠቀሚ። የሚሸፍን ኒውድ (የቆዳ ቀለም የሚመስል) ወፈር ያለ ቤዝ አለ፣ እሱን አድርጊ። በነገራችን ላይ ጠይም ሙሽራ ከሆነች ሐመሩን ሮዝ ተዪው፣ በጠይም እጅ ላይ አመድ ይመስላል። ካራሜል መሳይ ኒውድ ፈልጊላት። ነጩ እዚያ ላይ ሲያርፍ ነው ፍሬንች የሚያምረው። እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ በምናያቸው ቪዲዮዎች ላይ ያሉት እጆች የእኛ እጆች ስላልሆኑ።

ፍሬንች ስሙ እንጂ ፈረንሳይ አልተወለደም ይባላል። አሜሪካዊው የኦርሊ ኩባንያ መሥራች ጄፍ ፒንክ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለሆሊውድ ተዋናዮች እንዳወጣው ይነገራል። ልብስ በቀየሩ ቁጥር ጥፍር መቀየር ስለሰለቻቸው ከሁሉም ልብስ ጋር የሚሄድ ፈለጉ። የእኛም ሙሽራ ቬሎ ትለብሳለች፣ ካባ ትደርባለች፣ ለመልስ ሀበሻ ቀሚስ ትቀይራለች። ከሦስቱም ጋር የሚሄድ ሌላ ጥፍር አላውቅም።

የመጨረሻው ቶፕ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚቀባው ሽፋን። የጥፍሩን ጫፍ ዳሩንም አካቺ፣ ነጩ መነሣት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለሙሽራዋም ንገሪያት፦ ከሠርጉ በኋላ አልጫ ስትሠራ እርዱን በባዶ እጇ አትንካ። ነጭ ላይ ያረፈ እርድ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከሆነም ቶፑን በባፈር ላዩን አንሥተሽ አዲስ ቀቢላት፣ ነጩን አትንኪው። ማስለቀቅ ስትፈልግ ደግሞ ወደ አንች ትምጣ፣ በጥርሷ አትላጠው።

የማራኪዋ ጥፍር ሠሪ

እህቶቼ፣ እትዬ፣ ተመልሻለሁ። ሠርጉ አለፈ።

መጀመሪያ በራሴ እጅ ላይ አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለት ስስ አድርጌ ስቀባው ያ ስልባቦት አንድ ጊዜም አልመጣም። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ስስ ንብርብር ሲታይ እጄ መድገም መድገም ይለኝ ነበር። ያዝኩት።

አክስቴ መጀመሪያ ተቆጣች። "ጥፍሩ ካልቀላ ምኑን እንሶስላ ሆነ" አለች። የእትዬን ቃል እንዳለ አነበብኩላት፣ የልጅዎን ልቅሶ ጨምሬ። ዝም አለች። ሐሙስ ማታ እሷው ራሷ ናት የሙሽራዋን ጥፍር ቀለም በሌለው የቀባችው። ዓርብ ጠዋት መዳፏ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጥፍሯ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አንዱ የቀለበት ጣቷ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ገብቶ ነበር፣ ኒውዱ ሸፈነው።

ሚዜዎቹን ዓርብ ከሰዓት ጀምሬ ማታ ጨረስኩ። ሲሊኮኑ አራቱ ላይ ጥሩ ሠራልኝ። ሁለቱ ግን ጥፍራቸው ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ቅስቱ መሀሉ ላይ ሰባበረ፣ በእጄ ሠራሁት። ቅዳሜ የሙሽራዋን ብቻ ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። የባትሪውን ላምፕ ሳላነሣ ቡና አፍልተን ጠበቅን። 40 ደቂቃ ቆይቶ መጣ። አውራ ጣቶቿን ለብቻ አደረቅሁ።

እሑድ ኬኩን ስትቆርስ ካሜራው ወደ እጇ ሲጠጋ እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ነበር። የነጩ ቅስት ጥርት ብሏል። ዛሬ 16ኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ላይ የእጇን ፎቶ ላከችልኝ፣ አንድም አልተነሣም።

ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያቺ ተማሪ ትመጣለች። ደውዬ እኔው ጠራኋት፣ በነጻ ነው የምሠራላት። ነጩን ከቤት ስወጣ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ።